ሁለት እጅ ከመድገምሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው። ለገጣፎ የገዛችሁት ቤት በረንዳ ላይ፣ ምሰሶውና መደገፊያው አሮጌ ቫርኒሽ አለበት። ፀሐይ የሚመታው ጎን ተልጧል። ጥላ ያለው ጎን ግን አሁንም ጠንካራ ነው። ቀለም ቀቢው «በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርገን ሁለት እጅ እንደግምበታለን» ብሎሻል። ልስማማ ወይስ ይቅር ነው ያልሽው።

እኔ ይቅር እላለሁ። ቀለም ቀቢው ሊያታልልሽ ፈልጎ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራው በሁለት ቀን ያልቃል፣ ሲያስረክብሽም ያብረቀርቃል። ችግሩ የሚመጣው እሱ ከሄደ በኋላ፣ ክረምት ሲገባ ነው። ይህን የምልሽ ሱሉልታ ያለውን የራሴን በረንዳ ሦስት ጊዜ ስለሠራሁት ነው። ሁለቴ ተበላሽቶብኛል። ሦስተኛው ግን ይኸው አምስተኛ ክረምቱን ጨረሰ።

መጀመሪያ ያደረግነው ልክ አሁን አንቺ የተባልሽውን ነው። ኅዳር ላይ ተቀባ፣ ለገና እንግዳ ተቀበልንበት፣ ያየው ሁሉ አደነቀው። ሐምሌ ላይ ከመደገፊያው ሥር ትንንሽ ነጫጭ እብጠቶች አየሁ። አንዱን በጥፍሬ ስነካው ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ውሃ አቁሯል፣ እንጨቱም ጠቁሯል። አዲሱ ቫርኒሽ አሮጌውን አጥብቆ ይዟል፤ አሮጌው ግን እንጨቱን ከለቀቀ ቆይቷል።

ለምን እንደሚለቅ ማወቁ ይጠቅምሻል። የእንጨትን ክሮች እርስ በርስ የሚያጣብቅ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እሱን ይሰባብረዋል፣ ዝናብ ደግሞ የተሰባበረውን ያጥበዋል። ውጭ የከረመ እንጨት ግራጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግልጽ ቫርኒሽ ብዙውን ጨረር ያሳልፋል። ስለዚህ ከላይ ደህና መስሎ እየታየ ከሥሩ የያዘው የእንጨት ገጽ ይሞታል። በዚያ ላይ የእኛ ከፍታ አለ። ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል፤ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አንቺም ዘንድ ቢሆን ደጋ ነው። የቫርኒሹ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው ዕድሜ የእኛን ፀሐይ አስቦ የተጻፈ አይደለም።

እንግዲህ መጀመሪያ ያለሽን ነገር እወቂ። በቢላ ጫፍ የመስቀል ምልክት ጫር ጫር አድርጊ፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፊና በኃይል ሳቢው። ቫርኒሹ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ ነገሩ አልቋል፣ ምንም ነገር አይደገምበትም። ይህን በጥላው ጎንም ሞክሪው፣ ጠንካራ መስሎ የለቀቀ ሊሆን ይችላል። ቫርኒሽ ሳይሆን ውስጥ የሚገባ ቀለም ወይም ዘይት ብቻ ከሆነ ግን አይላጥም፣ ይደበዝዛል እንጂ። ያኔ ሥራሽ በጣም ይቀላል፤ ማጠብና በደንብ ማሸት ሊበቃሽ ይችላል።

ከቫርኒሹ ሥር አሮጌ የዘይት ቀለም ካገኘሽ ቆም በዪ። በአገራችን ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ፣ መርዛማው ብረት ማለቴ ነው፣ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ነገር እርሳስ ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለውን በደረቁ አታሺው፣ በማሽንማ በፍጹም። እያረጠብሽ ፋቂው፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ሰብስቢ፣ ልጆች በአካባቢው አይኑሩ። ትንንሽ ልጆች እንዳሉሽ ጽፈሻል፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

ቀጥሎ የእንጨቱ ዓይነት ነው። የእኔ ምሰሶና መደገፊያ ጽድ ነው፣ በሩ ዋንዛ። ሁለቱ አንድ ዓይነት አያያዝ አይወዱም፤ ይህን ያወቅሁት አበላሽቼ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ኮስቲክ ሶዳ ገዛሁ። መርካቶ ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። አሮጌ ቫርኒሽና የዘይት ቀለም በደንብ ያለቅቃል፣ ይህ እውነት ነው። እኔ ግን ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በጠራራው ሲመታ ቀባሁት። በአሥር ደቂቃ ደረቀ። የደረቀ ሶዳ አይሠራም፣ እንጨቱ ላይ ይቀራል እንጂ። ከዚያ በጎማ ውሃ አጠብኩትና ጨረስኩ አልኩ። ጽዱ ጠቆረ፣ ጥቁር ቡና የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። ዕድሜው ነው ብዬ በሳምንቱ ቫርኒሽ ቀባሁበት። ለሦስት ሳምንት እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ጥር ሳይወጣ መላጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ የሰፈራችን ሽማግሌ አናጺ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መጥተው አዩልኝ። ጣታቸውን አርጥበው እንጨቱን አሹት፣ ከዚያ ጣታቸውን በጣታቸው አፍተለተሉት። «ሳሙና ነው እንጂ እንጨት አይደለም፤ ሶዳውን መች አወጣሽው?» አሉኝ። እውነትም ያሙለጨልጭ ነበር። ሶዳው እንጨቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ አዲሱን ቫርኒሽ ከሥሩ ይበላው ነበር። የሚያወጣው አሲድ ነው። እሳቸው አቼቶ ነው ያሉኝ።

ስለዚህ በሦስተኛው ጊዜ የሠራሁትን ልንገርሽ። ጽድ ከሆነ ይሆንልሻል።

ዝናቡ በደንብ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጀመርኩ። መስከረም ላይ እንጨቱ ገና ውሃ እንደጠጣ ነው፣ አትቸኩዪ። የላላውን ሁሉ በስፓቱላ ፈቅፍቄ አወረድኩ። ሶዳውን ያዘጋጀሁት በፕላስቲክ ባልዲ ነው፣ ለ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ኪሎ። ሁልጊዜ ሶዳውን ነው ውሃው ላይ ቀስ እያልሽ የምትጨምሪው። ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰስሽ ፈልቶ ፊትሽ ላይ ይረጫል። የአልሙኒየም ድስት ወይም ሳህን እንዳትነኪ፣ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላል፣ ሲበላውም የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣል። ረጅም የፕላስቲክ ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር፣ ቦቲ፣ እጀ ሙሉ ልብስ። በአጠገብሽ የሞላ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ይኑር። ቆዳሽን ከነካሽ ወዲያው ብዙ ውሃ አፍስሺበት። ዓይን ከገባ ቢያንስ 20 ደቂቃ እያጠብሽ ወደ ሐኪም ነው።

ምሰሶ ቆሞ ስለሆነ ፈሳሹ ይወርዳል። ጥቂት የበቆሎ ስታርች ጨምሬ እንደ ቀጭን አጥሚት አወፈርኩት፣ ያኔ ይዞ ይቆያል። የምትቀቢበት ብሩሽ የናይለን ይሁን፣ የጸጉሩን ሶዳው ያሟሟዋል። ጠዋት ጥላ ባለበት ጎን ጀምሪ፣ ከሰዓት ወደ ሌላው ዙሪ። አንድ ሜትር ብቻ እየቀባሽ ሂጂ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ ሊደርቅ ካለ ውሃ እርጭ አድርጊበት። ቫርኒሹ ሲኮማተርና ቡናማ ዝቃጭ ሲሆን ታዪዋለሽ። ያኔ በስፓቱላ በእንጨቱ መስመር ሳቢው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆነ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ዝቃጭ ሳወርድ የጽዱ ሽታ ወጣ። ቤቱን ስንሠራ የነበረው ያው ሽታ፣ አዲስ የተጋዘ ጣውላ ሽታ። ስንት ዓመት በዚያ ሁሉ ልባጥ ተቀብሮ ኖሮ አልጠፋም። በዚያ ቀን ነው ይህ እንጨት ገና ደህና እንደሆነ ያመንኩት።

የሽቦ ብሩሽ አትጠቀሚ። ሠራተኛው ይዞ ይመጣል፣ መልሺው። የሽቦው ብናኝ እንጨቱ ውስጥ ይቀርና ይዝጋል፤ ብረት ደግሞ እንጨት ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ጥቁር ነጠብጣብ ይሠራል። በሚስማር ዙሪያ የምታዪው ጥቁር ዕድፍ እሱ ነው። ኦክሳሊክ አሲድ ካገኘሽ ያጠፋዋል፤ መርዝ ስለሆነ ግን በጓንት ያዥው፣ በደንብም እጠቢው። ሃይ ፕሬሸር ማጠቢያም ያለው ሰው ያበረታታሻል። በቅርብ ከተረጨ የእንጨቱን ለስላሳ ክር ይቦረቡረዋል። የእኔ ጎረቤት መደገፊያ እስከ ዛሬ እንደ ኮርዶሮይ ሱሪ የተሰነጣጠረ ነው። ተራ የጎማ ውሃና ብሩሽ ይበቃል።

ካጠብሽ በኋላ አቼቶውን አንድ እጅ ለአንድ እጅ ውሃ በጥብጠሽ እንጨቱ እስኪርስ ቀቢው። ሲትሪክ አሲድም ይሆናል። አሥር ደቂቃ ጠብቂ፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ አጠቢ። ጽዱ ዓይንሽ እያየ ከጥቁር ወደ ቀይ ቡናማ ይመለሳል፤ እኔ ሁለተኛውን ምሰሶ የጀመርኩት ይህን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ቀይ ሊትመስ ወረቀት፣ ሶዳ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር መፈተኛ፣ እርጥቡ እንጨት ላይ አድርጊ። ሰማያዊ ከሆነ ሶዳው አልወጣም፣ ድገሚው። በዚህ መሃል ግን በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር እንዳይገናኝ። ሻጋታ ለማጥፋት በረኪና ጨምሪበት የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ከምሰሶው ሥር ያሉትን አበቦችሽንም አስቀድመሽ ውሃ አጠጪያቸውና በላስቲክ ሸፍኚ። እኔ ጌሾዬን ያጣሁት በዚህ ነው።

የዋንዛ በር ካለሽ ሶዳ አታስነኪው። የእኔን በር ጋሼ ከመስኮት መስታወት በተቆረጠ ቁራጭ ነው የፋቁት። መዳፍ የሚያክል ቁራጭ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ በወፍራም ጨርቅ ተይዞ፣ ወደ ራሳቸው አዘንበል አድርገው ይስቡታል። ቫርኒሹ እንደ ጸጉር ቀጭን ሆኖ እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ እንጨቱ ሳይጎዳ። ሲደንዝ ሌላ ጠርዝ። አንድ በር ሁለት ቀን ሙሉ ወሰደ። እኔ ዛሬም በር የምሠራው እንደዚያ ነው፣ በወፍራም ጓንት።

ከዚያ ማድረቅ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ነው። ከላይ በአንድ ቀን የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልደረቀም። እኔ አሥር ቀን ጠበቅሁ። ሱሉልታ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ አለ፣ ጠዋት ጤዛው እንጨቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚቆጠረው የቀኑ ፀሐይ ብቻ ነው። ሲደርቅ የተነሣውን ክር በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ120 አሺው። ከዚያ በላይ አታለስልሺው። እንደ መስታወት የለሰለሰ እንጨት ቀለሙን አይጠጣም። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ወዲያው ከጠጣው ተዘጋጅቷል፣ እንደ ዶቃ ከቆመ ገና አሮጌ ነገር ቀርቷል። ካሸሽው በኋላ ደግሞ ሳምንታት ሜዳ ላይ አትተይው። ፀሐዩ አዲሱን ገጽ ወዲያውኑ መብላት ይጀምራል።

ምን ልቀባ ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ይመጣል። ውጭ ለሚውል እንጨት እኔ ወደ ግልጽ ቫርኒሽ አልመለስም። ውስጥ የሚገባ፣ ቀለም ያለው የውጭ እንጨት ዘይት ይሻላል። ጨረሩን የሚከለክለው ቀለሙ ነው። ሲያረጅም አይላጥም፣ ይደበዝዛል፤ አጥበሽ አንድ እጅ ትደግሚበታለሽ፣ ይህ ሁሉ ሥራ አይደገምም። እኔ ፀሐይ በሚመታው ጎን በየሁለት ዓመቱ እደግማለሁ። ስስ አድርጊና ከ15 ደቂቃ በኋላ ያልጠጣውን በጨርቅ ጥረጊ። የተቆረጠውን ራሱንና የምሰሶውን እግር ደግሞ ደጋግሚ፣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። የተልባ ዘይት ብቻ ቀቢ የሚሉሽም አሉ። ጥሬው የተልባ ዘይት ቶሎ አይደርቅም፣ በክረምት ሻጋታ ይወደዋል፣ ጥቁር ይሆናል።

ዘይቱን የጠረግሽበትን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ ላይ እንዳትጥዪ። የሚደርቅ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ይቀጣጠላል። እኔ አንድ ማታ ካርቶን ውስጥ የጣልኩትን ሳነሣ እንደ ትኩስ ዳቦ ሞቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ሽቦ ላይ ዘርግቼ አደርቃለሁ፣ ወይም ውሃ የሞላ ቆርቆሮ ውስጥ እከታለሁ።

ቀለም ቀቢሽን አታባርሪው። ዋጋውን በቀን አስሊለትና መፋቁን፣ ማጠቡን፣ መጠበቁን ጭምር ተነጋገሩ። በመጀመሪያ ግን አንድ መደገፊያ ብቻ፣ ከቤቱ ኋላ ያለውን፣ ከላይ እስከ ታች አስጨርሺውና እዪው። የምሰሶውንም እግር ከሲሚንቶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ በስለት ወጋ አድርጊው። ስለቱ ዘልቆ ከገባ በስብሷል፣ ያ የቀለም ሳይሆን የአናጺ ሥራ ነው። ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።