የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ በጦስኝና በቅርንፉድ ዘይት ይጸዳል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የሚኖሩት እናቴ የላይኛው ጥርሳቸው በሙሉ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ላንቃቸው ቀልቶ ያቃጥላቸዋል። ጎረቤቶቻቸው «ኬሚካል ከምትጠቀሚ ማታ ማታ በጦስኝ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ደግሞ የቅርንፉድ ዘይት ቀብተሽ አድርጊው» ብለዋቸው ይህንኑ እያደረጉ ነው። ዘይቶቹ በእርግጥ ጀርም ይገድላሉ? ጥርሱንስ አይጎዱም?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጎረቤቶቻቸው የመከሩት ነገር መሠረት የለውም አይባልም። በጦስኝ ዘይት ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ደግሞ ዩጀኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ፤ እነዚህ የባክቴሪያንና የፈንገስን የሕዋስ ሽፋን ስለሚያፈርሱ፣ በሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር ላንቃን በአብዛኛው የሚያስቆጣውን ካንዲዳ አልቢካንስ የተባለውን ፈንገስ በቤተ ሙከራ ይገድሉታል። እኛ የጥርስ ሐኪሞችም ዩጀኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰን ለጊዜያዊ ሙሌት እንጠቀምበታለን፤ ታይሞልም በአንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥ ተመጥኖ ይገባል።

በእናትዎ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ በቤተ ሙከራ ለማዋሃድ አልኮል ወይም ሌላ አዋሃጅ ይጨመርበታል። ጦስኝ ሲፈላ ደግሞ ከዘይቱ ብዙው ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚተን፣ ደስ የሚል ሽታ ያለው ውሃ ቢተርፍም ፈንገስ ለመግደል የሚበቃ ዘይት ይኖረዋል ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ የእናትዎን ጥርስ ገልብጠው ላንቃ ላይ የሚያርፈውን ገጽ በጣትዎ ቢዳስሱት፣ እንደ ውጭው ያልተወለወለና ሻካራ መሆኑን፣ ምናልባትም የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን እንዳለበት ያስተውላሉ። ያ ሽፋን ፈንገስና ባክቴሪያ ተጣብቀው የሠሩት መኖሪያ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ተዋሕስያን በውሃ ውስጥ ከሚንሳፈፉት ይልቅ መድኃኒትን አጥብቀው ይቋቋማሉ። ስለዚህ ሽፋኑ በብሩሽ ካልተፋቀ፣ ዘይትም ሆነ ሌላ መዘፍዘፊያ ሥር ድረስ ለመድረስ ይቸገራል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያልተበረዘው የቅርንፉድ ዘይት ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ በአብዛኛው የሚሠራው አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ ሲሆን፣ ዩጀኖል በየቀኑ ሲቀባበት የገጹን ጥንካሬ ሊቀንስና ገጹን ሊያሻክረው ይችላል፤ የሻከረ ገጽ ደግሞ ለፈንገሱ የተመቸ ነው። በዚያ ላይ ያልተበረዘ ዩጀኖል ሥጋን ያቃጥላል። የቆሰለ ላንቃ ላይ ዘይቱን አምቆ የሚይዝ ጥርስ ቀኑን ሙሉ ሲያርፍ፣ እናትዎ የሚሰማቸው ማቃጠል ከፊሉ ከዘይቱ ሊሆን ስለሚችል ከዛሬ ጀምረው እንዲያቆሙት አጥብቄ እመክራለሁ።

በምትኩ ጥርሱን ከምግብ በኋላ ማለቅለቅ፣ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ለስላሳ ብሩሽና ፈሳሽ ሳሙና ይዘው ውስጡንም ውጭውንም ማሸት ይገባቸዋል። ሲያሹት ቢያመልጣቸው እንዳይሰበር ከሥሩ ውሃ ያለበት ሳህን ያስቀምጡ። የጥርስ ሳሙና አክሪሊኩን ስለሚቧጭር፣ የፈላ ውሃም ቅርጹን ስለሚያጣምም አይጠቀሙ። ማታ ማታ ጥርሱን አውልቀው በንጹሕ ውሃ ውስጥ ማሳደራቸው ላንቃቸውን ያሳርፋል፤ ብዙዎች ቸል የሚሉት ይህ ነው። ጥርሱ ብረት ከሌለው፣ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለውን ሽቶ አልባ በረኪና አንድ እጁን ከ9 እጅ ውሃ ጋር በጥብጦ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ መዘፍዘፍና ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይቻላል። ብረት ያለበትን ግን በረኪና ስለሚበላው በሐኪም የታዘዘ ማጽጃ ያስፈልገዋል።

ላንቃቸው የቀላው እናትዎ ግን በጽዳት ብቻ ላይድኑ ስለሚችሉ ጥርሱን ይዘው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሐኪሙ እንደ ኒስታቲን ያለ የፈንገስ መድኃኒት ሊያዝላቸው፣ ጥርሱ ላልቶ ከሆነ ውስጡን ሊያስተካክል፣ የስኳር በሽታ ወይም የአፍ መድረቅ እንዳለባቸውም ሊመረምር ይችላል። የጦስኙን ሽታ ከወደዱት ሻዩን ይጠጡት፤ ጥርሱ በሚያድርበት ብርጭቆ ውስጥ ግን ንጹሕ ውሃ ብቻ ይኑር።