መልስ፦ ዝናብ መለኪያ ብቻውን ናዳን ያስጠነቅቃል?

ወንድሜ፣ «ዘመዶቼ ጎፋ ተራራ ስር ነው ያሉት፣ ቀበሌው ዝናብ መለኪያ ቢተክል ናዳውን ቀድሞ ይናገራል ወይ?» ላልከው፣ ብቻውን አይናገርም። ያለሱም አይሆንም።

አሁን አራት ኪሎ ካፌ ተቀምጫለሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እኛ የዛሬውን ነው የምናየው፤ ተራራው ግን የሰሞኑን ሁሉ ይቆጥራል። አፈሩ ለቀናት ውሃ ጠጥቶ ከጠገበ ውስጡ ያለው የውሃ ግፊት መያያዣውን ያላላዋል፣ ከዚያ በኋላ መጠነኛ ዝናብም ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ የሰዓቱም የቀናቱም ድምር ይታያል። ሆንግ ኮንግ በፈረንጆቹ ከ1977 ጀምሮ በዝናብ መጠን ታስጠነቅቃለች፣ ማስጠንቀቂያ የምታወጣበትን የዝናብ ገደብ ግን ገልብጠህ ጎፋ ላይ አትለጥፍ፤ አፈሩም ቁልቁለቱም ሌላ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ ማን ጥሩምባ ይነፋል? ሐምሌ 2016 እዚያው ጎፋ ዞን፣ ኬንቾ ሻቻ ቀበሌ ላይ ካለቁት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተያዙትን ለማዳን የሮጡ ነበሩ፣ ሁለተኛው ቀበራቸው። ማስጠንቀቂያው «ውጡ» ብቻ ሳይሆን «ቶሎ አትመለሱ»ም ማለት አለበት።

እስከዚያው ዘመዶችህ ከቤታቸው በላይ ያለውን መሬት ይዩ፦ አዲስ ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ። አንዱን ካዩ መለኪያውን አይጠብቁ፣ ይውጡ።