የለካችሁት አጥሩን ነው ወይስ ወሰኑን?

ጅማና ዙሪያዋ በቅየሳና በይዞታ ምዝገባ ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፤

ሪፖርቶቻችሁን እያነበብኩ ነው። ልኬታችሁ ከእኛ ዘመን የጠራ ነው፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። በአንዱ አንቀጽ «ባውንደሪ» ያላችሁትን በሚቀጥለው «ቦርደር» ትሉታላችሁ። ቃል መደጋገም ነውር ነው ተብላችሁ ይሆናል። ለድርሰት ይሁን። በእኛ ሥራ አንድን ነገር በሁለት ስም መጥራት ጎረቤትና ጎረቤትን ፍርድ ቤት ያቆማል።

ባውንደሪ መስመር ነው። ርዝመት እንጂ ስፋት የለውም፤ ዓይናችሁ የሚያየው ድንጋዩን፣ አጥሩን ወይም ቦዩን ነው። ቦርደር ግን ስፋት ሊኖረው ይችላል። የነጠላን ጥለት አስቡ፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቦርደር የሚለው ባለቀለሙን ጥለት በሙሉ ነው፣ ነጠላው የሚያልቅበትን ክር ብቻ አይደለም። ወደ አገር ሲመጣም ቃሉ መስመሩን ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኙ ያለውን ኑሮ ይጨምራል። ሞያሌና መተማ የቦርደር ከተሞች ይባላሉ፤ የባውንደሪ ከተማ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ያሳወቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ኮሚሽን ግን በእንግሊዝኛ ስሙ የያዘው ባውንደሪን ነው፤ ሥራው መስመሩን መወሰን ነበርና። ያም ሆኖ መሬት ላይ ምልክት የመትከሉ ሥራ ሳይጠናቀቅ፣ ኮሚሽኑ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነገሩን በኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታን በቁጥር በሚገልጹ ነጥቦች ዘጋው። በወረቀት መወሰንና መሬት ላይ ማመልከት ሁለት ሥራ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ለጅማ ልጅ ግን ይህን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። በጊቤ መንግሥታት ዘመን በጅማና በጎረቤቶቿ መካከል «ሞጋ» የሚባል፣ ሰው የማይሰፍርበት ጠፍ መሬት ይተው ነበር። መግቢያ መውጫው «ከላ» ነው፤ ጠባቂዎች ቆመው ገቢ ወጪውን ያያሉ። ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ተነስቶ የወጣ መንገደኛ ከላውን ሲያልፍ ጅማን ለቋል፣ የጎረቤት አገር ግን ገና አልደረሰም። ያ ሁሉ ባዶ መሬት ቦርደር ነው። መሃሉ ላይ «እዚህ ጋ አበቃ» የሚባል አንድ መስመር ግን አልነበረም፤ የፈለገም የለም። ዛሬ ካርታ ላይ የጊቤን መንግሥታት በቀጭን መስመር ለያይተው የሚስሉ ሰዎች፣ በእኔ እምነት፣ ያልነበረ ነገር እየሳሉ ነው።

አሁን ወደ ቡና ማሳችን። አረንጓዴው የይዞታ ደብተር ላይ የሰፈረው የአዋሳኝ ስም ነው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ። ከማን ጋር እንደምትዋሰኑ ይነግራችኋል፣ የት እንደምትዋሰኑ ግን አይነግራችሁም። ማሳው በካርታ የሚመዘገብበት ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ሲመጣ በኦርቶፎቶ፣ ማለትም ከአየር ተነስቶ እንደ ካርታ በተስተካከለ ፎቶ ላይ መስመር አስምሩ ተባላችሁ። ጤፍ ማሳ ላይ ይህ ቀላል ነው። የእኛ ቡና ግን በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ነው፤ ከላይ የተነሳው ፎቶ የሚያሳያችሁ የዛፉን አናት ነው። ግንዱ ከአንዱ ማሳ፣ ቅርንጫፉ ከሌላው ማሳ። ከጥላው ሥር የእጅ ጂፒኤሱም ይዋዥቃል። ቢሮ ተቀምጦ የዛፉን ጠርዝ ተከትሎ ያሰመረ ልጅ ያወጣው የጥላ ካርታ ነው፤ በእግር ካልሄዳችሁ ወሰኑን አታገኙትም።

ከተማ ውስጥ ደግሞ አጥር አለ። የጥድ አጥር እያደር ይወፍራል፤ የለካችሁት መሃሉን ነው ወይስ የውስጥ ጠርዙን? ከራሱ መሬት ገባ ብሎ ያጠረ ሰላም ወዳድ አለ፣ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ የሚገፋም አለ። ስለዚህ ያያችሁት አጥር ከሆነ «የአጥር ጠርዝ» ብላችሁ ጻፉ። ባውንደሪ የሚለውን ቃል አዋሳኞቹ ቦታው ላይ ቆመው እስኪስማሙበት ድረስ አታውጡት።

ኮኦርዲኔት ስታስገቡ ደግሞ ዳተሙን፣ ማለትም ቁጥሩ የሚለካበትን መነሻ ሥርዓት አትርሱ። አዲንዳን እና ደብሊውጂኤስ 84 የሚባሉት ሁለት ዳተሞች በእኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ዳተሙ ያልተጻፈበት ነጥብ የአንዱን ቡና ወስዶ ሌላው ጓሮ ያሳርፈዋል።

አዋሳኞቹን ስትጠሩም ባልየውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሚስትየዋም ትምጣ። ገበሬው በኦሮምኛ «ዳንጋ» (ወሰን) ሲላችሁ ወደ ቦርደር ይሁን ወደ ባውንደሪ ለመተርጎም አትቸኩሉ፤ እጁ ወደሚያመለክትበት ሂዱ፣ የጎረቤቱም እጅ እዚያው ሲያርፍ ነጥቡን ውሰዱ። የሁለቱ እጅ ካልተገናኘ በንድፉ ላይ ያንን ቁራጭ በተቆራረጠ መስመር አሳዩና «ክርክር ያለበት» ብላችሁ ለቀበሌው ኮሚቴ አስተላልፉ።