የዓሣ ቆዳ ኮላጅን በፓፓያ ይወጣል?

ጥያቄ፦ አርባ ምንጭ አካባቢ በቻሞ ሐይቅ ዓሣ የምናሰግር ማኅበርተኞች ነን። የነጭ ዓሣ (ናይል ፐርች) እና የቆሮሶ (ቲላፒያ) ፊሌቶ እንሸጣለን፤ ቆዳው ግን ይጣላል። በፓፓያ ኮላጅን ይወጣል ሲባል ሰማን። ፓፓያ ደግሞ ሞልቶናል። እንዴት እንጀምር?

መልስ፦ ይወጣል። ግን በፓፓያ የምታገኙት እናንተ ያሰባችሁት ላይሆን ይችላል።

ኮላጅን ቆዳን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ድሮም ቆዳው ውስጥ ነው ያለው። ሦስት ክር ተገምዶ እንደተጠበቀ ገመድ ነው። ያልበሰለ ፓፓያ ወተቱ ውስጥ ያለው ፓፓይን የሚባል ኢንዛይም ፕሮቲን ይቆራርጣል። ገመዱ እንደተጠመዘዘ ካለ ብዙም አይደፍረውም። ሙቀት ሲያገኝ ግን ገመዱ ይፈታል፤ ያ ጄላቲን ነው። ያኔ ፓፓይን ገብቶ ይበጣጥሰዋል። የሚወጣው ሱቅ ውስጥ በዱቄት መልክ የሚሸጠው ዓይነት፣ የተቆራረጠ ኮላጅን ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ዋጋውና ገበያው ግን ሌላ ነው።

ያልተፈታውን ከፈለጋችሁ ሥራው በሙሉ ቅዝቃዜ ነው። 4 ዲግሪ አካባቢ፣ በውኃ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ውስጥ፣ ቀናት ይፈጃል። የእናንተ ዓሣ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት የነጭ ዓሣ ቆዳ ኮላጅን 36 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈታ አሳይቷል። የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣው ኮድ 15 ዲግሪ አካባቢ ላይ እጁን ይሰጣል። ቢሆንም ያለ አስተማማኝ ማቀዝቀዣ በአርባ ምንጭ ሙቀት ይህን አትሞክሩት።

የፓፓያው መንገድ ይቀላል። ቆዳው ከዓሣው እንደተለየ በረዶ ላይ ይቀመጥ። ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ቆዳ ሽታው እስከ መጨረሻው አይለቅም፤ ብዙዎች የሚከስሩት እዚህ ነው። ቅርፊቱንና የቀረውን ሥጋ ፋቁት፣ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ከታትፉት። ከዚያ 55 እስከ 60 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ከፓፓይኑ ጋር ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ቴርሞሜትር ግዙ፤ በእጅ መለካት አይሆንም። ሲያልቅ 90 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ ያህል አሙቁት፤ ካልሆነ ኢንዛይሙ መቆራረጡን አያቆምም። ስቡን ከላይ ግፈፉ፣ አጣሩ፣ አድርቁ። ማድረቁ ነው ገንዘብ የሚበላው፤ ጥሩ ዱቄት ማሽን ይፈልጋል።

ፓፓይኑን የያዘው የፓፓያ ወተት የሚወጣው ካደገ ግን ካልበሰለ ፍሬ ነው፣ በጠዋት። ላዩን ብቻ በቀርከሃ ስንጥር ጫር ጫር አድርጉ፤ ብረት ወተቱን ያበላሸዋል። ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። የተጫረ ፓፓያ ይበላል፤ ጠባሳውን ያየ ነጋዴ ግን ዋጋ ይቀንሳል፣ እሱንም ወጪ ላይ ደምሩት። ጉልበቱን ለማወቅ ለብ ያለ የላም ወተት ላይ ትንሽ ጠብ አድርጉ። ካረጋው ይሠራል። ፀሐይ ላይ የደረቀው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ጥላ ውስጥ አድርቁት።

የእኔ ምክር? መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ቆዳውን አጽድታችሁ፣ በጨው አሽታችሁ አድርቁና ጥቂቱን ይዛችሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሂዱ። የፕሮቲን መጠኑንና የባክቴሪያ ምርመራውን ጠይቁ። ያለዚህ ወረቀት የምግብም ሆነ የመዋቢያ አምራች ዞር ብሎ አያያችሁም። ለፊት ቅባት ብላችሁ በብልቃጥ መሸጥንማ ፈጽሞ አታስቡት።

ገዢ እስኪገኝ ጭንቅላቱንና አጥንቱን ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ ፍጩት። የዶሮ አርቢዎች ለመኖ ይፈልጉታል። ከመኖው ውስጥ ግን ጥቂት እጅ ብቻ ይሁን፤ ከበዛ እንቁላሉም ሥጋውም ዓሣ ዓሣ ይላል።