ጌም ዓሣ አይደለም፣ ቶሎ አይበላሽም

በዚህ ወር ከመጡልን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ጌም ዋጋ ሆኑ። ሁለቱ ከዚሁ ከሐዋሳ ናቸው፣ አንዱ ከአዳማ ነው። የመጀመሪያው ላይ ብዙ አወራለሁ፣ ታገሱኝ፤ እኔንም ያቃጠለኝ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። እኔና ጓደኛዬ ለአራት ዓመት ማታ ማታ እየሠራን አንድ ሮል ፕሌይንግ፣ ማለትም ተጫዋቹ የታሪኩን ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወተው ጌም ጨረስን። ቱ ዲ ነው፣ ሥዕሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ውጊያው ተራ በተራ ነው፣ ንባብ ይበዛዋል፣ ለመጨረስ 25 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ ልንለቀው ነው። ጓደኛዬ «ማን ያውቀናል፣ 4 ዶላር እንበለው» ይላል። እኔ 10 አልኩት፣ ግን ከአፌ ሲወጣ ራሴም አፈርኩ። ስንት ብንለው ይሻላል?

መልስ፦ 18 በሉት።

አትሳቅ። እስቲ አንድ ቅዳሜ በጠዋት ተነሳና አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ውረድ። ዓሣ የያዘው ልጅ 1 ሰዓት ላይ የሚጠራው ዋጋና ቀትር ላይ የሚጠራው ዋጋ አይገናኙም። ጠዋት ኮራ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ብትከራከረው ፊቱን ያዞርብሃል። ፀሐይዋ ስትከር፣ ዝንቡ ሲበዛ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች እግሩ ሥር መሰለፍ ሲጀምሩ «በቃ ውሰደው» ይልሃል። ልክ ነው፣ ያ ቆሮሶ ዓሣ ነገ ዋጋ የለውም። ያንተ ጌም ግን ነገም አለ፣ የዛሬ አምስት ዓመትም አለ። አይሸትም፣ መጋዘን አይከራይም። ታዲያ ገና ጎህ ሳይቀድ የቀትሩን ዋጋ ምን አስጠራህ?

አሁን ሒሳቡን እንይ። 4 ዶላር ሸጥክ። ስቲም 30 በመቶውን ይወስዳል፣ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ቀረህ። ገዢው አሜሪካ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ከዚያችው ላይ 30 በመቶ ለታክስ ይያዛል። 1 ዶላር ከ96 ሆነች። አውሮፓ ውስጥ የተገዛ እንደሆነ ቫቱ ከዋጋው ውስጥ ቀድሞ ይወጣል። የተረፈችውን ከጓደኛህ ጋር እኩል ተካፈል። ለአንድ ሰው አንድ ዶላር አልሞላችም፣ የአራት ዓመት ሌሊት።

በ18 ዶላር ስትሸጠው የዚያው አሜሪካዊ ገንዘብ 8 ዶላር ከ82 ሆኖ ይደርስሃል። አራት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ጓደኛህን እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ 4 ዶላር ስላልነው ብቻ አራት ተኩል እጥፍ ሰው ይመጣልናል ወይ? ከየት ይመጣል?

አይመጣም። ተራ በተራ የሚዋጋ፣ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ የሚያስነብብ ጌም የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። ተኩስና ኳስ የለመደ ልጅ በነፃ ብትሰጠውም አሥር ደቂቃ አይቆይልህም። ያ ጥቂቱ ሰው ግን ርቦታል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለሱ ብለው አይሠሩለትም፣ ቁጥሩ አያዋጣቸውም። የሚፈልገውን ዓይነት ሲያገኝ 4 ይሁን 18 ብሎ የሚያመነታ አይመስለኝም። እንዲያውም 4 ሲያይ ይጠራጠራል።

ይኼን የምለው ከራሴ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ጌሜን 3 ዶላር ብዬ ለቀቅኩት። ከገዙት አንዱ የጻፈልኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም፦ ጥሩ ነው፣ ግን ለምን እንዲህ ረከሰ፣ አላለቀም እንዴ? በኋላ ተጸጽቼ 12 አደረግኩት። የሚገዛው ሰው ብዛት ብዙም አልተለወጠም፣ የሚገባልኝ ገንዘብ ግን ተለወጠ። በ3 ዶላር የገዙኝ ሰዎች ግን በ12ም ይገዙኝ ነበር፤ የነሱን ገንዘብ አንዴ አጥቼዋለሁ፣ ተመልሼ አልጠይቃቸው ነገር። አየህ፣ ዋጋ ማውረድ ምን ጊዜም ይቻላል። መውጣቱ ነው የሚያስቸግረው፣ ሰው ያጉረመርማል።

ሲያትል ውስጥ ጄፍ ቮግል የሚባል ሰው አለ። ስፓይደርዌብ ሶፍትዌር የሚባል ትንሽ የቤተሰብ ድርጅት በፈረንጆቹ 1994 ከፍቶ እስከ ዛሬ እንዲህ ዓይነት ጌም ብቻ እየሸጠ ይኖራል። ጌሞቹ ለዓይን አያምሩም፣ እሱም አይክድም፣ አንዱን ሥዕል ከጌም ወደ ጌም እያዞረ ይጠቀምበታል። ለጥቂት ሰው የሚሠራ ሰው በርካሽ ሸጦ አይኖርም የሚለውን ክርክር ያኔ ገና ኢንዲ ሁሉ፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ትንሽ ጌም ሠሪ ሁሉ፣ ዋጋ ሲያወርድ ነው ያነሳው። በ2011 አካባቢ እሱም 10 ዶላር ሞክሯል፣ ከጊዜ በኋላ ያወጣቸው አዳዲሶቹ ግን 20 ዶላር ገደማ ናቸው። ደንበኞቹ ብዙ አይደሉም። ግን ይመለሳሉ።

ጓደኛህ መቼም ስታርዲው ቫሊን ያነሳብሃል። 15 ዶላር ነው፣ አንድ ሰው ነው የሠራው፣ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፣ እኛ ከሱ በምን በልጠን ነው በዋጋ የምንበልጠው ይልሃል። በለው፦ እሱ እርሻ የሚያርስ፣ ሕፃንም አያትም የሚጫወተው ጌም ነው። ሚሊዮን ገዢ ያለው ሰው ከአንዱ ትንሽ ቢወስድ አይጎዳም። መርካቶ ጅምላ የሚሸጥና ሰፈር ውስጥ በልክ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ እኩል ዋጋ አይጠሩም። ከናንተ ጋር የሚቀራረበው ዲስኮ ኤሊሲየም ነው፤ በ2019 ሲወጣ 40 ዶላር ነበር፣ ከዳር እስከ ዳር ንባብ ነው። እሺ፣ እሱ ገንዘብም ሠዓሊም ነበረው፣ 40 በሉ አላልኩም።

ሌላም ልጨምር። ድዋርፍ ፎርትረስ የሚባለውን ሁለት ወንድማማቾች ከ2006 ጀምሮ በነፃ ነበር የሚያድሉት። በታኅሣሥ 2022 ሥዕልና ሙዚቃ ጨምረው ስቲም ላይ አወጡት፣ ነፃው ሳይነሳ፣ በ30 ዶላር። በመጀመሪያው ወር ብቻ ከ400 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። ነፃ እያለ 30 ዶላር የከፈለ ሰው ዋጋ ሲያወዳድር አልነበረም።

አሁን ደግሞ 18 እንዳትሉ የሚያደርጋችሁ ነገር ካለ ልንገርህ። 25 ሰዓት ያልከው እውነት 25 ነው? ወይስ 8 ሰዓት ታሪክና 17 ሰዓት ሜዳ ላይ እየተመላለሱ አይጥ መግደል ነው? ሁለተኛው ከሆነ አይጡን ቀንሱና 12 በሉት። እንግሊዝኛውን ደግሞ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ያንብብላችሁ፣ ተከፍሎትም ቢሆን። ንባብ በሚበዛበት ጌም ውስጥ የተንሻፈፈ ዓረፍተ ነገር በ4 ዶላርም ይቅር አይባልም። ስቲም ላይ የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወተ፣ ብሩን መልሶ መውሰድ ይችላል። እነዚያ ሁለት ሰዓቶች ላይ ሙቱባቸው። የሦስት ሰዓት ጌም የሠራ ሰው ይኼ ሕግ ያስለቅሰዋል፤ ለናንተ ግን ያግዛል፣ ያመነታ ሰው ደፍሮ እንዲገዛ ያደርገዋልና።

ቅናሹን በተመለከተ አትቸኩሉ። ሲወጣ 10 በመቶ ይበቃል። ዊሽሊስት ያደረጉት፣ ማለትም ወደፊት እገዛዋለሁ ብለው ምልክት ያደረጉበት ሰዎች ኢሜይል የሚደርሳቸው ቅናሹ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ 15 በመቶ መቀነስ ለማንም ሳይነግሩ ዋጋ መጣል ነው። ከስቲም ትልልቅ የወቅት ቅናሾች በቀር፣ በቅናሽና በቅናሽ መካከል 30 ቀን ክፍተት የግድ ነው፣ ዋጋ ከጨመራችሁም እንዲሁ 30 ቀን መቀነስ አትችሉም። መጀመሪያ 25 በመቶ ቀንሱ፣ ከወራት በኋላ 33፣ ግማሽ ዋጋ ደግሞ ዓመት ካለፈው በኋላ። ያ የ4 ዶላሩ ሰው ያኔ ይመጣል። ይጠብቅ፣ ምን አስቸኮለው።

ጥያቄ፦ እኔም ሐዋሳ ነኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የእይታ ልቦለድ፣ ማለትም በሥዕል የታጀበ ንባብ፣ ከሮል ፕሌይንግ ጋር የተቀላቀለበት ትንሽ ጌም በአማርኛ ሠርቻለሁ። ጓደኞቼ እንዲጫወቱት ነው የምፈልገው፣ ግን በዶላር ማን ይገዛል?

መልስ፦ ማንም አይገዛም እህቴ። ስቲም ብርን አያውቅም፣ እኛ የምናየው በዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2024 ገበያ መር ከመሆኑ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን በ150 እንኳ ብናሰላው የ18 ዶላር ጌም 2,700 ብር ነው። ካርዱስ የት አለ? ስለዚህ ያንቺ መንገድ ሌላ ነው። ፋይሉን ራስሽ በፍላሽም በቴሌግራምም ስጪ፣ ክፍያውን በቴሌብር ተቀበዪ። ዋጋው አንድ ማኪያቶና ኬክ ያህል ይሁን፣ ከዚያ በታች ግን አትውረጂ። ይኮረጃል? አዎ፣ ይኮረጃል። የመጨረሻው ገጽ ላይ የቴሌብር ቁጥርሽን አስቀምጪ፤ ወዶት የጨረሰ ሰው አንዳንዴ ሳይጠየቅ ይልካል። እንግሊዝኛውን ቅጂ ለውጭ ሰው ስታወጪ ግን ዋጋሽ የፈረንጅ ይሁን፣ እዚህ በማኪያቶ ሸጫለሁ ብለሽ እዚያም በማኪያቶ አትሽጪ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፈው፣ የመንግሥት ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ሥራ አግኝቶ ትቶ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። አሁን ጌሙን ለማስመዝገብ 100 ዶላር ያስፈልገኛል ይላል። 20 ዶላር እሸጠዋለሁም ይላል። እያታለለኝ ነው ወይስ እያታለሉት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ 100 ዶላሩ እውነት ነው። ስቲም ለእያንዳንዱ ጌም ያስከፍላል፣ ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲሞላ ይመልሳል። ክፍያ የሚልከው በወር አንዴ ነው፣ የተጠራቀመው 100 ዶላር ካልሞላ ወደሚቀጥለው ወር ያዞረዋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቤት እንዲያድስልዎ አይጠብቁ። 20 ዶላሩም እብደት አይደለም፣ ከላይ ለሐዋሳው ልጅ የጻፍኩትን ያንብቡልኝ።

ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁት። ጌሙን የማያውቀው ሰው ተጫውቶት ያውቃል? ጓደኛ አይቆጠርም፣ የአክስት ልጅም አይቆጠርም። ካላደረገው አንድ የጎረቤት ጎረምሳ ይጥሩና ሳሎን ያስቀምጡት። ቡና ያፍሉ። ልጅዎ ከኋላ ይቁም፣ አፉን ይያዝ፣ «እዚህ ጋ ተጫን» እንዳይል። እርስዎ ሰዓትዎን ይያዙ። ጎረምሳው ሁለት ሰዓት ሳይነሳ ከተጫወተ 100 ዶላሩን ይስጡት። በ20 ደቂቃ ስልኩን ማውጣት ከጀመረ ልጅዎ ገና ጥቂት ወር ይቀረዋል። ብቻ መብራት የማይጠፋበትን ቀን ይምረጡ።