ከሙላቱ በፊት ድምፃውያኑን አስቀድም

ወንድሜ፣ የጠየቅከው «ጅማ ላይ ለሰፈራችን ወጣቶች የድሮ ሙዚቃ ማድመጫ ምሽት ላዘጋጅ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር ወይ?» ብለህ ነው። እኔ አትጀምር ባይ ነኝ። ሙላቱ ይግባ፣ ግን መጨረሻ ላይ፤ የእሱ ኢትዮ-ጃዝ በአብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የሚሄድ ነው። የእኛ ሰው ዘፈን ሲከፈትለት መጀመሪያ የሚፈልገው ግጥሙን ነው። ገና ከጅምሩ ድምፃዊ የሌለው ሙዚቃ ከሰጠኸው «መቼ ነው የሚዘፍነው?» እያለ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ላይ ስልኩን ያወጣል። ጆሮው ቅኝት፣ ማለትም ዘፈኑ የሚመሠረትባቸውን አምስት ድምፆች፣ መለየት ከጀመረ ግን ያው ሙዚቃ ያነጋግረዋል።

ምሽቱን በቡናው ከፋፍለው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ዘፈን ይበቃል። ቡናው ሲወቀጥ ምንም አትክፈት፤ ዘነዘናው ምቱን ያበላሸዋል።

አቦል ላይ ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለንና ማህሙድ አህመድን አሰማ። ሦስቱም የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ልጆች ናቸው። ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ብቻ ንገራቸው፦ ትራምፔቱንና ሳክስፎኑን እንደ ተቀባይ ቁጠሯቸው፣ ድምፃዊው አውጪ ነው። ይህን የሰማ ልጅ ዘፈኑን እንደ ባዕድ ነገር አያየውም። የነሐስ ባንዱ ከየት መጣ ካሉህ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡትን አርባዎቹን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና አስተማሪያቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን ጥቀስና እለፍ፤ ታሪኩ ከረዘመ ምሽቱ ትምህርት ቤት ይሆናል። አሊ ቢራን ደግሞ እንዳትዘል። ጅማ ተቀምጦ የድሮ ሙዚቃን ያለ አፋን ኦሮሞ ማስደመጥ ግማሹን ሰው ከደጅ ማስቀረት ነው።

ቶና ላይ ነው ዋናው ሥራ። ትዝታን በሁለት ድምፃውያን አከታትለህ አሰማ፤ ለምሳሌ በማህሙድና በበዛወርቅ አስፋው። ከዚያ ስልክ ላይ ባለ የፒያኖ መተግበሪያ አምስቱን ድምፆች ምታላቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ሚ እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጋቸው ማይነሩ ይመጣል፤ ሐዘኑን ወዲያው ይለዩታል። ቀጥለህ ሌላውን ቅኝት፣ ባቲን ምታ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። የቀሩትን ቅኝቶች፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ለሌላ ቀን አቆያቸው፤ የሁለቱም ሁለተኛ ድምፅ ከዶ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ስለሚል ለጀማሪ ይመሳሰሉበታል። ምቱ የጠፋበት ካለ እስከ ስድስት እየቆጠረ 1 እና 4 ላይ ያጨብጭብ። ይህን ችክችካ የሚባለውን ምት በአራት ሊቆጥር የሚሞክር ሁልጊዜ ይስታል።

የምትከፍተውን ቅጂ ቀደም ብለህ መርምር። ብዙው ኢንተርኔት ላይ ያለው ከካሴት የተገለበጠ ነው። የቴፑ ፍጥነት 6 በመቶ ገደማ ከጨመረ ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ይወጣል፤ የጎልማሳው ድምፅ ይቀጥንና የልጅ ይመስላል፣ በፒያኖ የመታኸውም ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም። የሸክላ ቅጂ ከሆነ ደግሞ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ የምትይዘው 4 ደቂቃ ያህል ነው፤ ረጅም ዘፈን ክፍል 1 እና ክፍል 2 ተብሎ ተቆርጧል። ሁለቱንም ካላገኘህ መሐል ላይ ድርግም ይልብሃል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን በፍጹም አታሰማ፤ ቤዙ ይጠፋል፣ የዚያ ዘመን ሙዚቃ ያለ ቤዝ ባዶ ቤት ነው።

በረካ ላይ ግጥሙን ተው። መጀመሪያ ጌታቸው መኩሪያ፦ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው፣ ፉከራ የሚያውቅ ሁሉ ቃል ባይኖርም ይገባዋል። ቀጥሎ የኃይሉ መርጊያ የ1985 (እ.ኤ.አ.) ካሴት፤ አኮርዲዮኑ ለጆሮ ቅርብ ነው። ከዚያ ሙላቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ከተቀዳው አልበሙ ወይም ኢትዮፒክስ ከሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 4ኛው ቅጽ። ቶና ላይ የመታሃቸውን አምስት ድምፆች አስታውሳቸውና ቫይብራፎኑን፣ ያንን በመምቻ የሚመታ ባለ ብረት ቁልፍ መሣሪያ፣ እንዲከተሉ አድርግ። የሙላቱ ከባድ ሥራ እዚህ ላይ ነው፦ የጃዝ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ከበዛ የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋል፤ እሱ ኮርዱን አስገብቶም ቅኝቱን አላስጠፋውም።

አሁን ክረምት ነው። የምትሰበሰቡበት ቤት ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ ሲወርድ ቫይብራፎን አይሰማም። ዝናቡ ከጀመረ ጌታቸውን አስቀድም፣ ሳክስፎኑ ቆርቆሮውን ያልፋል፤ ሙላቱን እስኪያባራ አቆየው።