አርባ ቃለ መሐላ ለምን ሚዛን አልደፋም?

ሰላም ለቡድኑ አባላት በሙሉ። ከሳቢያን ሰፈር አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ባለፈው ምርጫ የአርባ መራጮችን ቃለ መሐላ በጽሑፍ አዘጋጅተን ከአቤቱታችን ጋር አስገባን። ሚዛን አልደፋም ተባልን። በመሐላ የተረጋገጠ ጽሑፍ በምርጫ ክርክር ዋጋ የለውም ማለት ነው?» ድሬዳዋ ውስጥ በጥብቅና ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫም አቤቱታ ሳዘጋጅ ነበርኩና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዋጋ አለው። የሚኖረው ግን የማለው ሰው ራሱ ያየውን ብቻ ሲጽፍና ተጠርቶ ሲጠየቅም ያንኑ ሲደግም ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቃለ መሐላን በማስረጃነት ያውቀዋል፤ ገደብም አበጅቶለታል። ሰውየው በራሱ ዕውቀት ሊያስረዳ በሚችለው ፍሬ ነገር ላይ እንዲወሰን ይፈልጋል። ሌላው ወገን «ቀርቦ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅልኝ» ብሎ በቅን ልቦና ከጠየቀ ደግሞ ወረቀቱ ምስክሩን ተክቶ አይቆምም።

ብዙ ሰው በማኅተሙ ይታለላል። ውልና ማስረጃ ሄዶ የተፈረመ ወረቀት የማይነካ ይመስለዋል። እዚያ የሚረጋገጠው የፈራሚው ማንነትና ፊርማው ነው። ማኅተሙን የመታው ሠራተኛ ኮሮጆው ሲከፈት አልነበረም፤ ስለ ኮሮጆው ሊመሰክርላችሁ አይችልም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ስሙን የማልጠራው አንድ ፓርቲ ሠላሳ አንድ ቃለ መሐላ ይዞልኝ መጣ። ሁሉም በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» የሚለው ሐረግ በሠላሳ አንዱም ላይ አለ። «ኮሮጆ» የሚለው ቃል በሠላሳ አንዱም ላይ «ኮረጆ» ተብሏል። ሠላሳ አንድ ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳታል? ከፈራሚዎቹ አንዱ አማርኛ በቅጡ የማይሰሙ የሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ፤ አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ቤታቸው ሄጄ በሶማልኛ «አባቴ፣ ምን አዩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ድምፄን ሰጥቼ ወደ ሶላት ሄጃለሁ፤ ሌላውን የነገረኝ ልጄ ነው» አሉኝ። ሽማግሌው አልዋሹም። ወረቀቱ ምን እንደሚል ያነበበላቸው የለም። የበደላቸው ቁርዓን አስይዞ ባላዩት ነገር ያስማላቸው ሰው ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የሐሰት ምስክርነት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፣ ነገሩ ወደዚያ ቢሄድ ደግሞ ተጠሪው ጣቱን ያሳረፈው ሰው እንጂ ወረቀቱን ያዘጋጀው ፓርቲ አይሆንም ነበር።

ከሠላሳ አንዱ አራቱን ብቻ ከአቤቱታው ጋር አስገባን። ሁሉንም የበለጠው ግን ቆጠራውን ትከታተል የነበረች የአንዲት ወጣት የፓርቲ ወኪል ወረቀት ነው። የድምፅ መስጫው ሰዓት ተራዝሞ ስለነበር ቆጠራው ሌሊት ገባ። እርሷ የውጤት ቅጹ ላይ አልፈርምም አለች፤ ምክንያቷንም በቃለ ጉባዔው ላይ አስመዘገበች። የራሷ ደብተር ላይ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20» ብላ፣ የትኛው ቁልል ሁለት ጊዜ እንደተቆጠረ በእጅ ጽሑፏ አስፍራለች። በኋላ የሰጠችው ቃለ መሐላ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከቃለ ጉባዔው ጋር ቃል በቃል ገጠመ። ስትጠየቅም አልተንገዳገደችም። አቤቱታ ሰሚዎቹ ወደ ፍሬ ነገሩ የገቡት በእርሷ ምክንያት ነው።

ቃለ መሐላ በምርጫ ክርክር የሚበዛው ጊዜ ስለሚያጥር ነው። በምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 መሠረት አቤቱታ ከምርጫ ጣቢያው ኮሚቴ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄደው በአጭር የጊዜ ገደብ ነው። ኬንያም እንዲሁ ናት፤ የፕሬዚዳንት ምርጫ አቤቱታ በቀረበ በ14 ቀናት ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መወሰን ስላለበት ክርክሩ በአብዛኛው በቃለ መሐላ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ያ ፍርድ ቤት ምርጫውን ሲሽር ቃለ መሐላዎቹ ብቻቸውን አልነበሩም፤ የውጤት ቅጾቹ ተመርምረዋል፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሮቹን እንዲያስፈትሽ ታዝዞ በሙሉ አለመፈጸሙም ተቆጥሮበታል። በ2022 ደግሞ ከአንዳንድ ቃለ መሐላዎች ጋር የተያያዙት የኮምፒውተር መዝገቦች ሐሰተኛ ወይም የ2017 ምርጫ ሆነው ተገኙ። ፍርድ ቤቱ በሐሰት መማል ወንጀል መሆኑን አስታውሶ ጠበቆቹን በብርቱ ገሠጸ፤ ውጤቱንም አጸና።

በህንድ በምርጫ ብልሹ ድርጊት ተፈጽሟል የሚል አቤቱታ በተወሰነ ቅጽ ከተዘጋጀ ቃለ መሐላ ጋር እንዲቀርብ እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የምርጫ ሕግ ያዛል። ሆኖም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የቅጽ ጉድለት ብቻውን አቤቱታ እንደማይጥል ወስኗል። ልክ ይመስለኛል፤ ቅጽ ይታረማል፣ ያላየ ሰው ግን እንዳየ ተደርጎ ሊታረም አይችልም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ወኪሎቻችሁን ከወዲሁ አሠልጥኑ። ያዩትን እዚያው፣ በዚያው ሰዓት በቃለ ጉባዔ ያስመዝግቡ። ቃለ መሐላ ስታስጽፉ እያንዳንዱ ሰው በራሱ አነጋገር ይናገር፤ የት ቆሞ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ የሰማው ከሆነም ከማን እንደሰማ ይግለጽ። ከተማችን ውስጥ አንዱ በሶማልኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ የሚያስብ ነውና በሚናገርበት ቋንቋ ተጽፎ ይተርጎም፤ ከመፈረሙ በፊት ተነቦለት እንደተረዳው፣ ማን እንዳነበበለትና ማን እንደተረጎመው በወረቀቱ ላይ ይስፈር። ቀርቤ አልመሰክርም የሚለውን ሰው ወረቀት አታስገቡ።

አርባዎቹ ወረቀቶች ቅጂያቸው በእጃችሁ ካለ ስንቶቹ በጣት አሻራ እንደተፈረሙና በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፉ እዚሁ ጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚራ አካባቢ እገኛለሁ፤ ይዘሃቸው ብትመጣ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።